ወለሉን ሳይቀር የለኩት አባታችን

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ሰዓት ከጎናችን የቆማችሁ ዘመዶች፣ ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች፤ የአባታችንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ የመረጠው እኔን የመጨረሻ ልጃቸውን ነው። እኔ ያልደረስኩበትን ዘመን ከእናታችንና ከአክስታችን ጠይቄ፣ ሁለቱ ያልተስማሙበትን ትቼ፣ የተስማሙበትን እንደሚከተለው አሰናድቻለሁ።

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። በትምህርታቸው ብርቱ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በፈተና ጊዜ የሠሩትን ደጋግመው ሲመረምሩ ያልሠሩት ሳይነካ ሰዓቱ ያልቅባቸው ስለ ነበር፣ አስተማሪያቸው “አንተ ልጅ፣ እውቀቱ አለህ፤ እምነቱ ነው የጎደለህ” ይሏቸው እንደ ነበር አክስታችን ይናገራሉ። ከዚያም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የመኪና ጥገና ተማሩ። በዚሁ ጊዜ አባታቸው ዐረፉ፤ ከእሳቸው የደረሳቸው ውርስ የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚታይበት የነሐስ ቱንቢ ብቻ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በአንድ የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸውም ተጋጭተው የተጠገኑ መኪኖችን ከመሸጣቸው በፊት መርምሮ ለገዢው እውነቱን መናገር ነበር። ቀለሙ ምንም ያህል ቢያበራ አይደነቁም፤ “ቀለም ልብስ ነው፤ እኔ የምጠየቀው ስለ አጥንቱ ነው” ይሉ ነበር። ከሻንሲው አራት ማዕዘናት ቱንቢውን እየጣሉ ጫፉ ያረፈበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉና፣ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሁለት ክር ወጥረው ሁለቱን ያስተያያሉ፤ ክሮቹ እኩል ካልሆኑ የመኪናው አጥንት ከቦታው ተነቅሏል ማለት ነው። የግንበኛ ዕቃ ይዘው መኪና ሥር ሲገቡ ያዩ ባልደረቦቻቸው “ደግሞ ሲሚንቶ እናቡካልህ?” እያሉ ሲያሾፉባቸው ቆይተው፣ በመጨረሻ “ቱንቢ” የሚለው ስም በዚያው ጸደቀ፤ ዛሬም እዚህ ካላችሁት መካከል የመዝገብ ስማቸውን የማያውቅ አይጠፋም።

እናታችን የታወቁ የባትላሜራ ባለሙያና የጋራዥ ባለቤት የነበሩት የአያታችን ልጅ ናቸው። ሁለቱ ከተዋደዱ በኋላ አባታችን ለጋብቻ ቢጠይቁ፣ አያታችን “ላስብበት” ብለው አቆዩአቸው። አያታችን ገና ሲያስቡ ሳለ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ሊገዙት ያሰቡትን ቀይ የስፖርት መኪና ለምርመራ ይዘው መጡ። መኪናው በኩርባ ላይ ተንሸራቶ በግራ የኋላ ጎኑ ከሲሚንቶ ምሰሶ ጋር የተጋጨና የተጠገነ ሲሆን፣ የጠገኑትም አያታችን ነበሩ። አባታችን ጉድለት አግኝተው ዝም ቢሉ ነርሷ በፍጥነት ሲነዱ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ሊወድቅ ነው፤ ቢናገሩ ደግሞ የሚወዷትን ሴት ሊያጡ ነው።

አባታችን ተናገሩ። ከጥገናው በኋላ የተገጠመው የኋላ ጎማ የውስጥ ጠርዙ ያለ ጊዜው መበላቱን፣ የመኪናው ግራ ጎን ዝቅ ማለቱንና ክሮቹ አለመስተካከላቸውን አይተው፣ በነርሷ ፊት “ሻንሲው ተጣሟል” አሉ። ይህን የሰሙት አያታችን መፍቻ እንደ ያዙ መጥተው፣ መኪናውን ሳይሆን ወለሉን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና “የኔ ልጅ፣ እኔ ጠማማ መኪና አላወጣሁም፤ ጠማማው ያንተ ወለል ነው። ደግሞስ የምትፈልገው ልጄን ነው ወይስ ብሎኔን?” አሏቸው። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባታችን አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ውሃ የሞላ ግልጽ ቱቦ አምጥተው በውሃው ልክ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለኩት፣ ከባድ መኪና ሲቆምበት የኖረው ጥግ በእርግጥም ሰምጦ አገኙት። መኪና ለክተው ወለል አለመለካታቸው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያልረሱት ስሕተት ሆነ። የሰመጠውን ቦታ በላሜራ ደልድለው መኪናውን እንደገና ሲያቆሙት፣ የጎኑ ዝቅታ ጠፋ። ስለዚህ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት “ሻንሲው ተጣሟል ያልኩት ስሕተት ነው፤ ማስተር ልክ ናቸው” አሉ። ነርሷ ቁልፉን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ ግን፣ “ቆይ እህቴ፣ አልጨረስኩም” ብለው እንደገና መኪናው ሥር ገቡ፤ ምክንያቱም የጎማው መበላት ወለሉ የሚመልሰው ጥያቄ አልነበረም፣ ክሮቹም አሁን በጥቂቱ ቢሆንም ይለያዩ ነበር።

ጎማውን አውልቀው፣ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብራቾ የታሰረበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱ። ብራቾው አዲስ ነው፤ የታሰረበት ቦታ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በላዩ ወፍራም ማሸጊያና ቀለም ተቀብቶበታል። አባታችን ማሸጊያውን ራሳቸው አልፋቁትም፤ የቀለም መፋቂያውን ለአያታችን ሰጡና ከመኪናው ሥር ወጥተው ቦታ ለቀቁላቸው። አያታችን ጥቂት እንደ ፋቁ እጃቸው ቆመ። ከቀለሙ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። አዲስ ብራቾ ገጥመው ጎማውን ስላስተካከሉ መኪናው የዳነ መስሏቸው ነበር እንጂ፣ ስንጥቁን አላዩትም ነበር።

አያታችን ከመኪናው ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ “ልጄን ፈልጎ እኔን ያልዋሸ ሰው፣ ልጄንም አይዋሻትም” አሉ። ይህ ነገር ሲነሳ እናታችን እስከ ዛሬ “እኔ እኮ ቀድሜ ወስኛለሁ፤ የቀረው የብሎኑ ጉዳይ ነበር” እያሉ ይስቃሉ። የተሰነጠቀውን ብረት አማችና አማት አብረው ቆርጠው፣ አዲስ በይደው፣ በቱንቢ አረጋግጠው መኪናውን አስረከቡ። ነርሷ ለብዙ ዘመን ነድተውታል፤ እኛን ልጆቹንም አንድ በአንድ ያዋለዱን እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም እዚሁ ከእናታችን አጠገብ ተቀምጠዋል።

አባታችን በኋላ በተማሩበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። አዲስ ተማሪዎች መኪና ለመክፈት ሲጓጉ፣ መጀመሪያ ወለል ያስለኳቸው ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቁም የራሳቸውን ስሕተት ሳይደብቁ ይተርኩላቸው ነበር። ለእኛም ለልጆቻቸው እንዲሁ ነበሩ፤ ከመቆጣታቸው በፊት “ቆይ፣ ምናልባት እኔ የቆምኩበት ይሆናል” ይሉ ነበር፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ይቆጡ ነበር።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም ከተኙ በኋላ የሕክምና ባለሙያዎች ብዙ ደክመውላቸዋል። በሕመማቸውም ጨዋታቸው አልተለያቸውም፤ ራጅ ሊያነሷቸው ሲሉ “ልጆች፣ ማሽኑን ለክታችሁታል?” ብለው ሐኪሞቹን አሳቁ። በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ማለዳ፣ እጃቸው በእናታችን እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

አባታችን አንድ ቀን እውነቱን በመናገራቸው ያገኟቸውን ባለቤታቸውን፣ ከእሳቸው የወለዷቸውን ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እኅታቸውን፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን በትክክል ማረጋገጥ ያልቻልኩትን ብዙ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። የሁላችንንም ልብ የሚያውቅ አምላክ፣ በሰው ሥራ ላይ ሚሊሜትር ያላሳለፉትን አባታችንን እሱ ግን በምሕረቱ ይለካቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያኑርልን፤ እናታችንንና ሁላችንንም ያጽናናን። አሜን።