በቁሜ የተባለልኝ ነፍስ ይማር

ድሮ በወረቀት ስጽፍ ጽሑፌ ሳጥን ውስጥ ይተኛል፤ መልሶ የሚናገረኝ አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ያለችው ልጄ ብሎግ ከከፈተችልኝ ወዲህ ግን አንባቢው ወዲያው ይመልሳል። እናላችሁ፣ ማንኩሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ልጅነቴ ጻፍኩና ያለችኝን አንዲት የጉርምስና ፎቶ ከላዩ ለጠፍኩ። ጥቁርና ነጭ ናት። ምሳዬን በልቼ ብመለስ ከሥሩ "ነፍስ ይማር"፣ "ደግ ሰው ነበሩ" የሚል ተደርድሯል። ለካ ዛሬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚለጠፈው ሰው ሲሞት ነው። እኔም "አለሁ፣ አልሞትኩም" ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ቀበል አድርጎ "በሙት ስም የምትጽፍ፣ እግዜርን ፍራ" አለኝ።

ፈረስ ቤት ከተማ ያለችው ታናሽ እህቴ ልቧ ደካማ ነው። ወሬው ሳይቀድመኝ ብዬ ደወልኩላት። ስታነሳው ከኋላዋ ለቅሶ ይሰማል። "እኔ ነኝ፣ እታለም" ስላት፣ "የወንድም ጋሼን ስልክ የያዙት ማን ነዎት?" አለችኝ።

"እኔው ነኝ እንጂ! ድምፄ ጠፋሽ?"

"ድምፁስ የእሳቸው ይመስላል።"

"እናታችን ሸጋው እያለች የምትጠራኝ እኔ አይደለሁም?"

"እሱንማ ጽሑፋቸው ላይ አገሩ ሁሉ አንብቦታል" አለች።

ከልጅነታችን ለብሎጉ ያልሰጠሁትን አንድ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከወዲያ ለቀስተኞቹ ስሜን እየጠሩ ያለቅሳሉ። እስኪበቃቸው አዳመጥኳቸው። ስልኩን ሳወርድ ነጠላዬን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቄ ለብሼው አገኘሁት።