በማዳበሪያ ውስጥ የተሳፈረው

ከዊንጌት በተሳፈርኩበት ታክሲ ባልና ሚስት አጠገቤ ተቀመጡ። ባልየው ቤት የሚጠርግላቸውን ሮቦት በማዳበሪያ ከቶ ታቅፏል፤ ለገዛበት ሱቅ ሊመልሰው ነው።

«ምን አጠፋ?» አለች ሚስቱ።

«ትናንት ጎረቤታችን በሩ ላይ ‹ቤቶች!› ስትል ‹እኔ አለሁ› አላላትም?»

«ታዲያ ምን ይበል?»

«ድሮ ‹ማንም የለም› ነበር የሚለው! አሁን ራሱን ሰው አድርጎ ቆጠረ።»

«አንተ ሶፋ ላይ ተጋድመህ ዝም አልክ፣ እሱ መለሰ። ከሁለታችሁ ሰው ማነው?»

«ነገ ደግሞ ቤቱ የኔ ነው ይላል!»

«ይበላ! የሚጠርገው እሱ አይደል?»

«በቃ፣ ይመለሳል አልኩ።»

«እንግዲህ ልጆቹ ‹የት ሄደ?› ብለው ሲያለቅሱ አንተው አባብላቸው።»

ያን ጊዜ ከማዳበሪያው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ፦

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ ዳር ያዘ። እኔም ሦስቱ እንዲወርዱ ጉልበቴን ሰብሰብ አደረግሁ።