አረንጓዴዋ ከረጢትና የሙሽራው መኪና

የእትዬ ሱ-ዪን ልጅ እሁድ ያገባል። በዚያ በታይናን ጠባብ መንደር ይህን ያልሰማ ድመት እንኳ የለም። ሙሽራዋን የሚያመጣው ነጭ መኪና ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ትናንት ቀትር ላይ ግን ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ሲያሸልብ ከፊት በሩ እስከ ኋላ በሩ ተጭሮ ተገኘ። ዛሬ ጠዋት ሱ-ዪንና ባሏ ደጃፋቸው ላይ የሰቀሉት ካሜራ የቀረጸውን አዩ። ባልየው ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሱ-ዪን በእጇ ከደነችለት። ልቧ ግን እርር ብሏል። የጉያቫ ፍሬ በሳህን አድርጋ መንገዱን ተሻገረችና ፊት ለፊት ወዳለችው ጎረቤቷ ወደ እትዬ ዩዌ-ኧ ወጥ ቤት ገባች።

«እንደምን ዋልሽ እትዬ ዩዌ-ኧ? አትነሺ፣ አትነሺ! የስኳር ድንች ቅጠል እየቀነጠስሽ ነው? አይ ሙያ! ሙቀቱስ፣ ሰው ይገድላል እኮ... እኔ አልቆይም፣ የሰርግ ቤት ትቼ ነው የመጣሁት። አንድ የገረመኝን ሰው ላጫውትሽ ብዬ ነው። ማነው እንዳትይኝ፤ ሐሜት አልወድም፣ ታውቂኛለሽ።

መኪናውን እንዴት አድርገን እንደጠበቅነው አይተሻል አይደል? ካንቺ መስኮት ምን የማይታይ አለ! እስከ መስኮቱ ድረስ ብርድ ልብስ አለበስነው፣ ቃጭል አሰርንበት፣ ከቤተ መቅደስ ክታብ አምጥተን ለጠፍንበት። ባሌ ይሄም አልበቃውም፤ ያችን ልብስ የምለካባትን፣ ሰው የምታክለውን አሻንጉሊት ኮቱንና ባርኔጣውን አልብሶ መሪው ጋ አስቀመጣት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሉ የለ? የኔው ደግሞ... ብቻ እሱን እንተወው።

ታዲያ ያ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጀመሪያ ለአሻንጉሊቷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ! እውነቴን ነው። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ «ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ ነው» ያለ ይመስለኛል። አስተዳደግ ማለት ይሄ አይደል? ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈፈና እጥፍ፣ እጥፍ አድርጎ ኮፈኖው ላይ አስቀመጠ። እኔ እንኳ እንደዚያ አጥፌ አላውቅም። ከዚያ ከጸጉሩ ማስያዣ ሽቦ መዘዘ... ወይ መዘዘች፣ እኔ ምኑን አውቄ! መስመሩን ግን ብታይ! ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስቀድ በማስመሪያ እንኳ እንዲህ ቀጥ አድርጌ አስምሬ አላውቅም። እንዲህ ያለ እጅ ቅጠል ሲቀነጥስ መዋሉ አያሳዝንም? ኧረ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው! አንቺ ቀንጥሺ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ለካ እውነት ነው። የሩቅ ዘመድማ መቼ መጥቶ መኪና በር ላይ እንዲህ አሳምሮ ያሰምራል?

ዋናውን አልነገርኩሽም! ካሜራው አናት ላይ ያችን አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት አስቀምጠን አልነበር? መቼም ማሽን እሷ አናቱ ላይ ካልተቀመጠች እንደማይታዘዝ በአገራችን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ያ ሰው ጭሮ ሲያበቃ ቀና ቢል ካሜራ! ሌላው ቢሆን ምን ያደርጋል? ጨርቅ ይጥልበታል፣ ሽቦውን ይበጥሳል። ይሄኛው ግን እምነቱ የጠና ነው። በርጩማ አምጥቶ ወጣና... ከረጢቷን አወረዳት! ከረጢቷ ከሌለች ማሽኑ እዚያው የሚያምፅ መስሎት እኮ ነው! ካሜራው ደግሞ ምን ያድርግ፣ እምነት የለው፣ ቀረጻውን ቀጠለ። ፊቱ ይህን አክሎ፣ ጉንጩ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር... ምነው ጉንጭሽን ያዝሽ? ትንኝ ነው?

እሰይ! ፍሪጅሽ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ሰሞኑን ሲያጓራ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አናቱ ላይ ያለችው አረንጓዴ ከረጢት ናት አይደል ያስታገሰችው? አዲስ ገዛሽ? የኛም እንደሷው ጥጓ የተቀደደች ነበረች...»

ዩዌ-ኧ ቅጠሉን ሳይሆን ጣቷን ትቀነጥስ ጀመር። ሱ-ዪን ይህን አይታ ደስ አላት። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደችና ወደ መንገዱ ተመለከተች።

«ግን ምን አስቆጣው? እነዚያን ቦታ መያዣ የተደረደሩትን የአበባ ማሰሮዎች ገፋ አድርገን መኪናውን ስላቆምን ይሆን? ለሰርጉ ሰሞን ብቻ ብለን ነበር እኮ። አየሽ፣ መኪና የሌለው ሰው ለመኪና ቦታ ሲጠብቅ ማየት ልብ ይነካል። ልጁ ከታይፔ መጥቶ የሚያቆምበት ነው አሉ። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ ይላል አሉ... አበቦቹማ ስንቴ ፈኩ፣ ስንቴ ረገፉ!»

ዩዌ-ኧ እጇን ጭኗ ላይ ጣለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሱ-ዪን ትንሽ አዘነችላት፤ እዚያው ላይ ልታበቃም ነበር። ነገር ግን ሙሽራዋ በዚያ በተጫረ የመኪና በር ስትገባ፣ የሴት ወገን እርስ በርሱ ሲጠቃቀስ ታያትና ልቧ መልሶ ጨከነ። ጉያቫውን ወደ ጎረቤቷ አስጠጋችላት።

«በይ ልሂድ። እሁድ ጠዋት እንዳትቀሪ፤ መኪናው ሲወጣ መርቀሽ የምትሸኚልን አንቺ ነሽ። ጭረቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ እናስርበታለን፣ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ሰርጉ እንዳለቀ ቦታውን እንለቃለን፤ ማሰሮዎቹንም በገዛ እጄ እመልሳቸዋለሁ። አይዞሽ እህቴ፣ ማንም አይነካብሽም። ብቻ አማልክቱ ጤና ይስጡሽ... ልጅሽ እስኪመጣ ድረስ ዕድሜ ይስጡሽ። ረጅም ዕድሜ፣ እጅግ በጣም ረጅም ዕድሜ!»