እስከ ማክሰኞ ብቻ ያዝልኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ የማህበራችን ሰብሳቢ፣ የኮሚቴ አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን የመሰናበቻ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። አበባው ያምራል። ኬኩም ትልቅ ነው። እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ትልቅ ነው፤ ነገሩ አላማረኝም።

አትሳቁ! እናንተ የጥገና ባለሙያዎች ናችሁ። ደንበኛ ገና በር ላይ ሆኖ «ኧረ ትንሽ ነገር ናት» ሲላችሁ ሞተሩ እንደተቃጠለ ይገባችኋል። እኔም የማህበራችሁ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ ስኖር ከእናንተ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ሰው ሲለሳለስ መጠርጠር።

እናም ጠርጥሬያለሁ። ወንበሬ ለምን ከበሩ ርቆ መሀል ላይ ተቀመጠ? ምክትል ሰብሳቢያችንስ ከገባሁ ጀምሮ «እርስዎ እኮ የዚህ ቤት ምሰሶ ነዎት» የሚሉኝ ምን ፈልገው ነው? ይህን ወንበር ለሌሎች ሳዘጋጅ የኖርኩት እኔ ነኝ! «ምሰሶ» የምትለዋንም ቃል እዚህ ቤት ያመጣኋት እኔው ነኝ!

ለአዲስ አባላት ላስረዳ። የማህበራችን መሪዎች ደመወዝ የላቸውም። ቀን ሱቃቸው ውለው ማታ ለስብሰባ ይመጣሉ። «ማን ይመራናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁሉም ጫማውን ያያል። አንዱ ደግሞ ስልኩ ሳይጠራ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። አዎ፣ አንተን ነው!

ስለዚህ እኔ ዘዴ ነበረኝ። የቢሮውንም የአዳራሹንም በር የሚከፍተው አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሰብሳቢው ጋ። ሰብሳቢው ሊለቅ ሲል ቁልፉን እቀበልና ወደ አንድ ደህና ሰው ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ እስከ ማክሰኞ ብቻ ያዝልኝ» እላለሁ። ማክሰኞ የስብሰባችን ቀን ነው። ቁልፍ የያዘ ቀድሞ መጥቶ በር ይከፍታል። በር የከፈተ ወንበር ይደረድራል። ወንበር የደረደረውን ሰው ሁሉም «መቼ ነው የምንጀምረው?» ይለዋል። «በሉ እንጀምር» ካለ አለቀ፣ ሰብሳቢ ሆኗል።

ጋሼ ፍሪጅ ይመስክሩ። ሰብሳቢያችን ፍሪጅ ስለሚጠግኑም፣ ምንም ቢመጣ ስለማይሞቃቸውም ነው እንዲህ የምንላቸው። ቁልፉን የሰጠኋቸው እስከ ማክሰኞ ነበር። ከዓመታት በኋላ ባለቤታቸው ደውለው ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ? «እህቴ፣ ያ ማክሰኞ ገና አልደረሰም?»

ሰው ማግኘቱስ ይሁን። መከራው ማቆየቱ ነው። የስፌት መኪና የምትጠግነው እህታችን የሥልጠና ኮሚቴውን ይዛ ሥራው ሲያምር ሲያምር በድንገት ለቀቀች። ያው እንደ ልማዴ ጠረጠርኩ። ሌላ ማህበር ወስዷት ይሆን? ተጣልታ ይሆን? ሱቋ ድረስ ሄድኩ። ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«ሥራው አልከበደኝም። ደከመኝ ባልኩ ቁጥር ‹አንቺማ ጎበዝ ነሽ› ትሉኝና ወደ ሻያችሁ ትመለሳላችሁ።»

ከዚያ ወዲህ ጭብጨባ ሲበዛ ደስ አይለኝም። በዚህ አዳራሽ ሞቅ ተደርጎ የተጨበጨበለት ሰው፣ በማግስቱ ስልክ ቢደውል የሚያነሳለት አያገኝም።

እንግዲህ የጋሼ ፍሪጅ ጊዜ አልቋል። ማክሰኞ ምርጫ ነው፤ እጩ ደግሞ የለም። ሰብሳቢ ካልተገኘ አዳራሹን ለባለቤቱ እናስረክባለን፣ ሥልጠናውም ይቆማል። ይህን እያወቃችሁ ሁላችሁም እኔን እኔን ታያላችሁ። እኔ ግን ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ያ ከኋላ የተቀመጠው ሬዲዮ ጠጋኝ ስንት ማታ እራቱን ብቻውን በላ! ከእንግዲህ አብረን ልንበላ ነው። እሱ እንደምታውቁት አባል ቢሆንም፣ ኮሚቴ ግባ በተባለ ቁጥር «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል» ሲል የኖረ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከረባቱን ሳስተካክልለት «ማንም የሚሰጥሽን ነገር በእጅሽ እንዳትቀበዪ፤ ኬክም ቢሆን በሳህን» ብሎኛል።

ታዲያ ይህ ፊቴ ያስቀመጣችሁት ካርቶን ምንድን ነው? ይከብዳል። ሳነቃንቀው ይንኳኳል። ቁልፍ ከሆነ እዚሁ ጥዬው ነው የምሄደው! ልክፈተው...

ሬዲዮኔ! የቢሮዬ ሬዲዮ! በጠጋኞች ማህበር ቢሮ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ የኖረው! ስንቶቻችሁን ለመንኩ፣ ባሌን ሳይቀር፤ ስንቶቻችሁ «ነገ» አላችሁኝ! የሚንኳኳው ለካ የተረፈ ብሎን ነው፤ ከእናንተ እጅ ብሎን ሳያተርፍ የወጣ ዕቃ መቼ አይቼ! ቆይ... ይናገራል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መሐረብ ስጡኝ። በእውነት ደስ ብሎኛል።

ግን አንድ ነገር። ይህ ሬዲዮ ዓርብ ዕለት ቢሮዬን ስቆልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቁልፌን ለጋሼ ፍሪጅ አስረክቤ ወጣሁ። አሁን ገመዱን ስመለከተው በቀይ ናስትሮ ተጠቅልሏል። ገመድ በቀይ ናስትሮ የሚጠቀልል ከአንድ ሰው በቀር አላውቅም፤ የቤቴ ገመድ ሁሉ ቀይ ነው።

አንተ ሰውዬ! ቅዳሜ «የታመመ ጓደኛ ልጠይቅ» ብለህ አልነበር የወጣኸው? ቢሮውን ማን ከፈተልህ? እጅህን ከኪስህ አውጣ። ጋሼ ፍሪጅ፣ እርስዎም ጣሪያውን አይዩ!

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ይስሙ። «እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው ያሉኝ»! ሰማችሁት? እኔን የምታጠምዱ መስሎኝ በሩን ሳይ፣ ባሌን ወስዳችሁታል!

ለምን ተቀበልክ? ... ድገመው። «አንቺ ዕድሜሽን የሰጠሽው ቤት ተዘግቶ እያየሁ እራቱ አይወርድልኝም።»

ምን ልበል። ተናድጃለሁ። ኮርቼብሃለሁም፣ ሁለቱንም ነው።

አታጨብጭቡ! እጃችሁን አውርዱ! ለእሱ አይጨበጨብለትም። ማክሰኞ የምትመርጡት ከሆነ፣ አጠገቡ የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች አሁን ይቁሙ። የሚያበቃበትንም ዛሬውኑ ንገሩት፤ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ቁልፉን ራሳችሁ ትቀበሉታላችሁ። ደከመኝ ሲላችሁ «አንተማ ጎበዝ ነህ» እንዳትሉት። «አምጣ፣ እኔ ልያዘው» በሉት። እየጠበቅሁ ነው። ሁለት ሰው ሳላይ ከዚህ አልወርድም።

እህቴ፣ አንቺ ነሽ የቆምሽው? ስፌት መኪናሽን ትተሽ? ተባረኪ። አንድ ቀረ። አንተ ባለ «ሃሎው»፣ በሩ ጋ ቆመሃል አይደል? በቃ፣ ቆመሃል!

በሉ ልመርቃችሁ። ሱቃችሁ ደንበኛ አይጣ። ዓይናችሁን፣ ጣታችሁን ይጠብቅላችሁ። የዚህ ቤት ሸክም አንድ ትከሻ ላይ አይቅር። ማታ ስትገቡ እራት ይዞ የሚጠብቃችሁ አይጥፋ። ለእኔም ዕድሜ ሰጥቶኝ፣ ሁለቱ ዓመት ሲሞላ ቁልፉን ስትቀበሉት ቆሜ ልይ።

አንተ ሰውዬ፣ ና እንሂድ። ሬዲዮውን ያዝልኝ። እስከ ቤት ብቻ።