ልጄ አይደለችም ብዬ ልማል?

ሞጆ፤ የበግና የፍየል ቆዳ ጨው በሚነሰነስበት መጋዘን ውስጥ፤ የቆዳ ሠራተኛው ጥላዬና አዲስ አበባ ታናሽ ወንድሙ ቤት ያደገችው ልጁ ምንታምር።

ጥላዬ፦ እስቲ ድገሚው። ጆሮዬ ውስጥ ጨው ገብቶ እንዳይሆን።

ምንታምር፦ ነገ ሦስት ሰዓት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት መጥተው፣ «ምንታምር የወንድሜ የሽመልስ ልጅ ናት፤ እኔ አጎቷ ነኝ» ብለው ይመስክሩልኝ ነው ያልኩት። ሌላ ነገር የለውም።

ጥላዬ፦ ሌላ ነገር የለውም ትላለች። መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው እንደሚያስምሉኝስ ታውቂያለሽ?

ምንታምር፦ ወረቀት ለማስተካከል ብቻ ነው፣ ጋሼ። በልባችን የምናውቀውን እናውቃለን።

ጥላዬ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። በልብ መታወቅስ ሰልችቶኛል።

ምንታምር፦ ይስሙኝ እስቲ። ሀንጋሪ አገር ያመለከትኩበት የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። በነጻ፤ መኝታና ምግብ ችለው። ግን የትምህርት ማስረጃዬ ሁሉ «ምንታምር ሽመልስ» ይላል፤ የልደት ካርዴና ፓስፖርቴ ደግሞ «ምንታምር ጥላዬ»። እዚያ ያሉት ሰዎች ግራ ገባቸው። ቶሎ ካላስተካከልኩ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ጥላዬ፦ ማነው ሁለት ሰው ያደረገሽ?

ምንታምር፦ ይኼ አሁን ምን ያደርጋል?

ጥላዬ፦ ለእኔ ያደርጋል። የልደት ካርድሽን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ከሥራ ቀርቼ፣ ተሰልፌ። እናትሽ ስትሞት ሽመልስ መጣና «ልጅ እዚህ ሽታ ውስጥ አታድግም» ብሎ ወሰደሽ። እሺ አልኩ። የሚሠራበት ድርጅት የሠራተኛ ልጅ በነጻ ያስተምራል፤ «ልጄ ናት» ብሎ አስመዘገበሽ። ይኼን ግን ማን ጠየቀኝ? ያወቅሁት ደብተርሽ ላይ ስሙን ሳነብ ነው።

ምንታምር፦ እና እዚሁ ብቀር ይሻል ነበር? ቆዳ ስገፍፍ?

ጥላዬ፦ ቆዳ የሚገፈፈው ቄራ ነው። እዚህ ጨው ነው የምናሸው። አባትሽ ምን እንደሚሠራ እንኳ አታውቂም።

ምንታምር፦ ውጪ ወጥተን ብናወራስ? መተንፈስ አቃተኝ።

ጥላዬ፦ ሐኪም ልትሆኚ አይደል እንዴ? የሰው ቁስል ሽቶ ተቀብቶ የሚጠብቅሽ መሰለሽ? እጅሽን ከአፍንጫሽ ላይ አንሺ።

ምንታምር፦ እሺ። አነሳሁ።

ጥላዬ፦ ሽመልስም እንደዚሁ ነው የሚይዘው። በዚሁ ሽታ ነው እኮ ያስተማርኩት፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ። ሰርጉ ላይ የት አስቀመጠኝ መሰለሽ? ከድንኳኑ ጀርባ፣ ድስት የሚታጠብበት ጋ። «ወንድም ጋሼ፣ አስተናጋጆቹን የሚቆጣጠር የቤት ሰው ያስፈልጋል» ብሎ።

ምንታምር፦ ይኼን ሰርግ ስንቴ ልስማው?

ጥላዬ፦ ገና ትሰሚዋለሽ። እኔም እስከ ዛሬ አልተፈጨልኝም።

ምንታምር፦ አባቢ ክፉ ሰው አይደለም። ያሳደገኝ እሱ ነው።

ጥላዬ፦ አባቢ። እሱ አባቢና «አንተ»፣ እኔ ጋሼና «እርስዎ»። የዕድር ዳኛ አደረግሽኝ።

ምንታምር፦ አክብሬዎት ነው።

ጥላዬ፦ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። እሷ እንኳ በአባቷ ብታፍር፣ አጎቷን አጎት ብላዋለች። አንቺ ከበቅሎም ባስሽ።

ምንታምር፦ በእርስዎ አላፍርም። እንዲያውም ለትምህርት ቤቱ የጻፍኩት ስለ እርስዎ ነው።

ጥላዬ፦ ስለ እኔ? ምን ብለሽ?

ምንታምር፦ ሐኪም ለመሆን ለምን እንደፈለግሽ ጻፊ ይላሉ። «አባቴ ቆዳ በጨው ሲያሽ እጁ ተሰነጣጥቆ፣ የሚያክመው አጥቶ ሲሰቃይ እያየሁ አደግሁ» ብዬ ጻፍኩ። በጣም ነው የወደዱት።

ጥላዬ፦ እጄን መቼ ነው ያየሽው?

ምንታምር፦ ይኸው አሁን።

ጥላዬ፦ ለማሳዘኛው እኔ አባት፣ ለማዕረጉ እሱ አባት። ቁስሌን ለፈረንጅ ላክሽው፤ ስሜን ግን ጆንያ ስር አስቀረሽው። ይኼ ቆዳ ከእናንተ ይሻላል፤ መሽተቱን አይደብቅም።

ምንታምር፦ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው፣ ጋሼ። እኔ የጀመርኩት አይደለም።

ጥላዬ፦ በይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እኔ ዳኛው ነኝ። አባትሽ ማነው?

ምንታምር፦ ይተዉ እንጂ።

ጥላዬ፦ ዳኛን ይተዉ አይሉትም። አባትሽ ማነው?

ምንታምር፦ አቶ ሽመልስ።

ጥላዬ፦ ይኼ ከጎንሽ የቆመውስ?

ምንታምር፦ አጎቴ ናቸው።

ጥላዬ፦ ምላስሽን እንኳ አልያዘሽም።

ምንታምር፦ ከአባቢ ጋር ስንለማመደው ነበር።

ጥላዬ፦ ተለማመዳችሁት ደግሞ። ሳሎን ቁጭ ብላችሁ፣ ለስላሳ እየጠጣችሁ፣ እኔን እንዴት እንደምትክዱኝ። ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ብዙነሽ ልጅ አረብ አገር ስትሄድ ስሟ እንዲሁ ተምታቶ ነበር። ያን ጊዜ ማንም አባቷን አልካደም። በሌላ ስም ያስመዘገበቻት አክስቷ ፍርድ ቤት ቀርባ «ሁለቱም የእሷ ስም ነው፤ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ተፈጸመ። ላንቺ እንደዚያ አይሆንም?

ምንታምር፦ ይሆናል።

ጥላዬ፦ ታዲያ?

ምንታምር፦ ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ ሰው ቀርቦ «ልጄ አይደለችም፣ የወንድሜ ልጅ ናት» ማለት አለበት።

ጥላዬ፦ ሽመልስ ማለት ነው።

ምንታምር፦ እንደዚያ ካለ ድርጅቱን ስንት ዓመት ዋሽቶ አስተማረኝ ማለት ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው። አሁን ኃላፊ ነው። ስሙ ይጠፋል።

ጥላዬ፦ የእሱ ስም ስም ነው፤ የእኔ ስም እግር መጥረጊያ።

ምንታምር፦ እኔ አላልኩም።

ጥላዬ፦ እሱ ምን አለ? ሳትቀንሺ ንገሪኝ።

ምንታምር፦ ልነግርዎ አልፈለግሁም ነበር። «ጥላዬ ምን ይቀርበታል? ስሙን ከቆዳ መጋዘን ውጪ ማን ያውቀዋል?» አለ።

ጥላዬ፦ እንዲያ አለ።

ምንታምር፦ አዎ።

ጥላዬ፦ አንቺስ ምን አልሽው?

ምንታምር፦ ምንም።

ጥላዬ፦ ተነስተሽ መኪና ተሳፈርሽ።

ምንታምር፦ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ «እሺ ባሉኝ» ስል፣ ደግሞ «ምነው እንቢ ባሉኝ» ስል ነው የደረስኩት። ራሴን ጠላሁት።

ጥላዬ፦ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። የምትፈልጊው ሐኪም መሆን ነው ወይስ ከዚያ ቤት መውጣት?

ምንታምር፦ ሁለቱንም። መውጣቱ ይበልጥብኛል። «ባልወስድሽ ኖሮ» ሳልባል አንድ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ጥላዬ፦ ከመጣሽ ጀምሮ የተናገርሽው እውነት ይቺ ብቻ ናት። በይ ስልክሽን አውጪና ደውይለት።

ምንታምር፦ ምን ልበለው?

ጥላዬ፦ «ነገ ይመጣል፤ አንተም እንዳትቀር» በዪው።

ምንታምር፦ እዚያ ቀርበው ምን ሊሉ ነው?

ጥላዬ፦ አልነግርሽም። እሱም ሳያውቅ ይደር። እኔ የእሱን አፍ ሳይ ነው ያረጀሁት፤ አንድ ሌሊት እንኳ እሱ የእኔን ይጠብቅ። እውነቱን ይናገርብኛል ብሎ ከፈራ፣ ቀድሞ የራሱን ይናገራል።

ምንታምር፦ ካልፈራስ?

ጥላዬ፦ ሽመልስን ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው።

ምንታምር፦ ይናደድብኛል። ዛሬ ቤት አያስገባኝም።

ጥላዬ፦ አያስገባሽ። እኔ ጋ ታድሪና በሌሊት አብረን እንወጣለን። ቤቱም እንደዚሁ ይሸታል፤ ኋላ አልነገረኝም እንዳትዪ።

ምንታምር፦ እየጠራ ነው። … ሄሎ፣ አባቢ። … አዎ፣ አገኘኋቸው። ነገ ይመጣሉ፣ አንተም እንዳትቀር ብለዋል። … አይ፣ ምን እንደሚሉ አልነገሩኝም። … አላውቅም አልኩህ እኮ። … እኔ? እኔንማ ዳኛው ከጠየቁኝ ማን «ልጄ ናት» ብሎ እንዳስመዘገበኝ ነው የምናገረው።