ዌስሊ ስፕሮውል ያልጠየቁት ጥያቄ

በሜይ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ዳቦ ወጥቶ ሠራተኛው ሻይ ሊጠጣ በተቀመጠበት ሰዓት፣ በድራምካርን ከተማ በስፕሮውል ዳቦ ቤት ትንሿ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ዌስሊ ስፕሮውልና የሟች ወንድማቸው ልጅ ሎርና። ሦስተኛዋ፣ ጋጋሪዋ ዴላ ሂዊት፣ ኋላ በራሷ ጉዳይ መጣች እንጂ የጠራት አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት፣ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ሲጋደሉ በኖሩባት በሰሜን አየርላንድ፣ አዲስ ሕግ ወጥቶ ነበር። ከአሥር በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉ፣ ከሠራተኞቹ ስንቱ ፕሮቴስታንት፣ ስንቱ ካቶሊክ እንደሆነ በየዓመቱ ለመንግሥት ያሳውቃል። የስፕሮውል ዳቦ ቤት ማሳወቂያ የሚላክበት ቀነ ገደብ የዚያ ሳምንት አርብ ነበር። ሎርና ኮሌጅ ተምራ ከመጣች ወዲህ የቢሮውን ሥራ የያዘችው እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚታደል አጭር መጠይቅ አዘጋጅታ ለአጎቷ አቀረበች። ዌስሊ ግን መጠይቆቹን ሳያነቡ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረጉና በገዛ እጃቸው የሞሉትን አንድ ወረቀት ሰጧት።

ማንንም መጠየቅ እንደማያስፈልግ ነገሯት። የሁሉንም አባት ያውቃሉ፤ ማን የት እንደሚጸልይ፣ ማን በየትኛው ትምህርት ቤት ፊደል እንደቆጠረ ያውቃሉ። ሎርና ወረቀቱን አየችው። ሁሉም ፕሮቴስታንት ነው፤ ካቶሊክ አንድ ብቻ።

"አንዱ ማነው አጎቴ?"

"ፍራንክ ነዋ፣ ዘበኛው።"

"ፍራንክ እኮ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ እርስዎም ነበሩ።"

"እንግዲያው አንድ ቀንሺ" አሉ ቀስ ብለው። "ደግ ሰው ነበር።"

ሎርና ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በግምት የተሞላ ወረቀት ሕጉ እንደማይቀበል፣ እያንዳንዱ ሰው ራሱ መጠየቅ እንዳለበት በትሕትና አስረዳቻቸው። ሽማግሌው እምቢ አሉ። አባታቸው ይህን ምድጃ ሲያቆሙ የደነገጉት አንድ ደንብ ነበር፤ በዚህ ቤት የሰው ሃይማኖት አይጠየቅም። ዌስሊም ዕድሜ ልካቸውን ደንቡን ጠብቀዋል፤ የሚኮሩበትም እሱው ነው።

"ኖርማንን ታስታውሺዋለሽ?" አሏት። "የመጀመሪያው ሹፌራችን። አንድ ምሽት ዳቦ አድርሶ ሲመለስ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መንገድ ላይ አስቆሙት። 'አንተ ምንድን ነህ?' ብለው ጠየቁት። እንደ ዕድል ሆኖ የመለሰው መልስ የሚፈልጉት ሆነና ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ልጄ፣ ይህን ጥያቄ እኔ የማውቀው ጠመንጃ ከያዘ ሰው አፍ ነው። አሁን እኔ ሽርጤን ታጥቄ ሰዎቼን ልጠይቅ?"

ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም። ክፉ ዘመን ያየ ሰው ከጥያቄ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ከፍርሃት የተነሣ ያልቆጠርነው ነገርም የለም ማለት አይደለም።

ሎርና የአጎቷን እጅ ያዝ አደረገች። "ያ ሰው የጠየቀው ሊገድል ነው" አለች። "ይሄኛው ማን እንደጎደለ ለማወቅ ነው። ከከተማችን ሰው ግማሹ ካቶሊክ ነው አጎቴ። ዳቦአችንን ይገዛሉ። ከእኛ ጋር የሚጋግር ግን አንድም የለም። እርስዎ ማንንም እንዳልከለከሉ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አልመጡም?"

"አላመለከቱማ።"

"የት ያመልክቱ? ማስታወቂያ አውጥተን እናውቃለን?"

እውነት ነው፤ አውጥተው አያውቁም። በስፕሮውል ዳቦ ቤት ሥራ የሚገኘው በሻይ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ሊለቅ ሲል አንዱ ተነሥቶ "የወንድሜ ልጅ አለ" ይላል፤ ዌስሊም አባቱን ስለሚያውቁ ሰኞ ይምጣ ይላሉ። ያኔም ሹፌሩ ሊለቅ ስለሆነ፣ ቦታውን ሊጥ አቡኪው ሳሚ ለእህቱ ልጅ ለምኖ፣ ዌስሊ እሺ ካሉት ሳምንት አልሞላውም።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" አለች ሎርና። "ሳንከለክል በሩን ዘግተናል።"

ዌስሊ ቅር አላቸው። ልጅ ሆና ዱቄት ከረጢት ላይ ያስተኟት ልጅ አድልዎ አድርገዋል ያለቻቸው መሰላቸው። ሊመልሱላት ሲዘጋጁ በሩ ተንኳኳና ዴላ ሂዊት ገባች።

ዴላ በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጋግራለች። ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ግን አርብ ከሰዓት በኋላ እንዲለቋት ለመነች፤ ልጇ ዴክላን በማታው መርከብ ሥራ ፍለጋ ወደ ሊቨርፑል ሊሄድ ነውና ልትሸኘው ትፈልጋለች። ስትናገር ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር። ሌላ ልጅ የላትም።

"ዴክላን መንጃ ፈቃድ አለው አይደል?" ሲሉ ጠየቁ ዌስሊ።

"የጭነት መኪና ሳይቀር ይነዳል።"

"ታዲያ እኛ ሹፌር ስንፈልግ ምነው ሳትነግሪኝ?"

ዴላ ሎርናን አየች፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያሉትን መጠይቆችም አየች። "ለሳሚ እህት ልጅ እንደተሰጠ ሰምቼ ነው" አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ባይሰጥስ ጋሽ ዌስሊ፣ ለእኛ ሰው የሚሆን ቦታ አልመሰለኝም" አለች።

"የእናንተ ሰው ማለት?"

"ሂዊት የባለቤቴ ስም ነው፤ ፕሮቴስታንቱ እሱ ነው። እኔ የተማርኩት ከካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት፣ ቅድስት ብሪጂድ ነው። ልጄም እንደዚያው።"

ዌስሊ የሞሉትን ወረቀት ከሎርና እጅ ወስደው አዩ። በገዛ እጃቸው ከፕሮቴስታንቶቹ መሐል ጽፈዋታል።

ዴላም ከጀመረች አይቀር ነገረቻቸው። በየዓመቱ የጾሙ መያዣ በሆነው በአመድ ረቡዕ፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ግንባሯን አመድ ትቀባለች። በጓሮ በር ስትገባ ግን ከሁሉ አስቀድማ አመዱ ላይ ዱቄት ትነሰንስበታለች። ጋጋሪ ስለሆነች ማንም ልብ አይላትም። ዌስሊ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። "ዴላ ዛሬ ራሷ ዳቦ ሆናለች" እያሉ በዚያ ግንባር የቀለዱት እሳቸው ናቸው። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

"ማን ክፉ ተናገረሽ?" አሉ በመጨረሻ።

"ማንም። ከዚህ የተሻለ ቤት አላውቅም። ግን ማንም ጠይቆ ስለማያውቅ፣ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፣ እኔ ብቻ ሌላ ነኝ ብዬ ደበቅኩ። ዝም ባላችሁ ቁጥር የበለጠ ፈራሁ።"

"ብጠይቅሽስ አትፈሪም ነበር?"

"መንገድ ላይ ቢጠይቁኝ እፈራለሁ። እርስዎ ከሰጡኝ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ከሆነ፣ ሳሚም ካላየው፣ እሞላዋለሁ።"

ሎርና እዚህ ላይ ገብታ፣ ለመንግሥት የሚላከው ቁጥሩ እንጂ ስም እንዳልሆነ፣ የሞሉት ወረቀትም ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ፣ ምስጢሩን የሚያወጣ ሰው በሕግ እንደሚጠየቅ ገለጠችላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። ደንባቸው የሰውን ክብር የሚጠብቅ አጥር ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ይህች ሴት አጥሩን ተደግፋ ብቻዋን ስትፈራ ኖራለች። ልጇንም ባሕር ሊወስድባት ነው።

"እስኪ ብዕር ስጪኝ" አሏት ሎርናን። የመጀመሪያውን መጠይቅ የሞሉት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ የቀረውን አቅፈው ሠራተኛው ወደሚያርፍበት ክፍል ወረዱ፤ ለምን እንደሚጠየቅም በራሳቸው ቃል አስረዱ።

ሳሚ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። "ጋሼ፣ በየሰንበቱ ከኋላዎ ቆሜ ስዘምር እየሰሙ ነው ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚሉኝ?"

"ስትዘምር ስለሰማሁ እኮ ነው የተጠራጠርኩህ" አሉ ዌስሊ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ በሳቁ መሐልም ሁሉም ብዕር መፈለግ ጀመረ። ሳሚ ግን ሽማግሌው ቀጥለው የሹፌሩ ቦታ በማስታወቂያ እንደሚወጣ ሲናገሩ አኮረፈ። ዌስሊ ቃላቸውን ስላጠፉ ይቅርታ ጠየቁትና፣ የእህትህ ልጅ ጎበዝ ከሆነ ተወዳድሮ ያገኘዋል፣ ያኔ በአጎቱ ገባ የሚለው የለም አሉት።

አሠሪዎች ይህን ሕግ የወረቀት ብዛት ብቻ አድርገው ያዩታል። ሠራተኛውን በአክብሮት ጠይቆ በእውነት የሚያሳውቅ አሠሪ ግን ከቅጣት ከመዳኑ ሌላ፣ በአጠገቡ ሲያልፍ የኖረውን ባለሙያ ያገኛል፤ ሠራተኛውም ራሱን ለመደበቅ ያባክነው የነበረውን ልብ ለሥራው ያውለዋል።

ማሳወቂያው አርብ ተላከ። የሹፌሩ ማስታወቂያ የከተማው ሁለት ወገኖች በሚያነቧቸው በሁለቱም ጋዜጦች ወጣ። ዴክላን ለመፈተን ብሎ የአርቡን መርከብ ተወው። አንደኛ የወጣው የሳሚ እህት ልጅ ነበር፤ ዴክላን ሁለተኛ ወጣ። በሴፕቴምበር አንድ ጋጋሪ ጡረታ ወጣ፤ ለቦታው ማስታወቂያ ወጣ፤ ከልጅነቱ ከእናቱ መጋገር የተማረው ዴክላን ተወዳድሮ ተቀጠረ።