የእትዬ ሲኒቫ ምንጣፍ ለምን አልተሸጠም

ባለፈው ሳምንት ልጄን ሩታን ወደ ዋና ከተማችን ወደ አፒያ ልሸኛት አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ እትዬ ሲኒቫ በእጅ የተሸመነ ስስ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ታቅፈው መጡ። ሳየው ደነገጥኩ። ከእናታቸው የወረሱት፣ ለታላቅ ሰርግና ለለቅሶ ካልሆነ ከሣጥን የማይወጣ ምንጣፍ ነው።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳቸው።

«ማንም አልሞተም፣ ሎሲ። ገበያ ልወስደው ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ።

እትዬ ሲኒቫ የመንደራችን የሴቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ለሕፃናቱ ትምህርት ቤት ጣሪያ የሚዋጣውን ሁሉ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ሩታ ሒሳብ አያያዝ ተምራለችና ደብተሩን ኮምፒውተር ላይ በሰንጠረዥ ገልብጣላቸው ነበር። ድምሩ ሲወጣ ግን ባንክ ካለው ገንዘብ በአምስት መቶ ታላ በለጠ። ሰኞ ደግሞ ስብሰባ አለ።

«ሲኒቫ አጎደለች ከምባል ሸጬ እሞላዋለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እማማ፣ መጀመሪያ የባንኩን ዝርዝር ከደብተርዎ ጋር እናመሳክረው። ባንኩ ትናንት ልኮልኛል» አለች ሩታ።

«ማመሳከር ለሌባ ነው! አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ይህን ሥራ ስይዝ ማንም መርምሮኝ አያውቅም።»

«ሌባማ ይሸሸዋል። እርስዎን ምን ያሸሽዎታል?»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። ልጄ ተምራ ትልቅ ሰው እንዳትዳፈር ሁልጊዜ እጨነቃለሁ። እትዬ ግን «ተያት፣ አፏ የአባቷ ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

«እማማ፣ ያልጎደለ ገንዘብ ከሞሉ ጎድሎ ነበር ብለው በራስዎ ላይ መሰከሩ ማለት ነው» አለች ሩታ ለስለስ ብላ። «ምንጣፉም ይሄዳል፣ ስምዎም ይሄዳል።»

በዚህ መሀል አውቶቡሱ ደረሰ። «ምንጣፉ ይሳፈራል ወይስ ይቀራል?» ብሎ ሾፌሩ ጮኸ።

«ያንተን ሆድ ያህል ቦታ አይዝም፤ ጠብቅ!» አሉት። ስቆ ሞተሩን አጠፋ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሩታ ኮምፒውተሯን አውጥታ የደብተሩንና የባንኩን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ከፈተች። «ለእያንዳንዱ የባንክ ረድፍ ከደብተሩ አንድ ጓደኛ እንፈልጋለን፤ በስም፣ በቀንና በገንዘቡ መጠን። ጓደኛ ያገኘውን ቀለም እቀባዋለሁ። የምንጠይቀው ብቻውን የቀረውን ነው» አለች።

ማንበብ ገና እየተማርኩ ነው። የባንኩን ስሞች ፊደል በፊደል አነበብኩ፤ እትዬ ከደብተራቸው መለሱልኝ፤ ሩታ ቀባች። የባንኩ ረድፎች ሁሉ ጓደኛ አገኙ። ከደብተሩ ግን አንድ ቀረ፤ «ሙሊታሎ፣ አምስት መቶ» ይላል።

«ሙሊታሎ? ሽማግሌው ሞተው የለም እንዴ?» አለች ሩታ።

«ፒሊፖ ነዋ! አንቺ አፒያ ሳለሽ የሟች አጎቱን የማዕረግ ስም ወረሰ። አሁን ፒሊፖ ብሎ የሚጠራው ማን አለ?»

«ባንኩ አለ። ይኸው፣ ፒሊፖ፣ አምስት መቶ፣ ዓርብ።»

እትዬ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ዓርብ የባንኩ ደረሰኝ ሲመጣ ፒሊፖ ብለው ጽፈዋል። እሑድ ያው ስጦታ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ፊት በማዕረግ ስሙ ሲነበብ፣ እንደ ልማዳቸው ሙሊታሎ ብለው እንደገና ጽፈዋል።

«በጉባኤ የተነበበ ስጦታ ሳልጽፍ ልቅር?» አሉ በቁጣ። ወዲያው ግን ደብተሩን ጭናቸው ላይ አወረዱ። «አንዱን ሰው ሁለት አድርጌዋለሁ።»

«ገንዘቡ አንድም ቀን አልጎደለም፣ እማማ።»

ምንጣፉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው «ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ልጅቷን በደህና አድርስልኝ!» ብለው ሾፌሩ ላይ ጮኹ።

ሰኞ በስብሰባው ላይ ሁሉንም ራሳቸው ተናገሩ። ተጋብዞ የመጣው ሙሊታሎ ሳቀ። «ሁለቴ መመዝገቤ ደግ ነበር። ምነው ባይሰርዙት!»

«ሁለተኛውን አምስት መቶ አምጣና አልሰርዘውም!» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ ለሴቶቹ እንዲህ አሉ፦ «ከእንግዲህ በየወሩ ይመሳከር። ማዕረግ ያለው ሰው ሁለቱም ስሙ ይጻፍ። ስሕተት ትንሽ ሳለ ይገኛል፤ አዋጪው ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል፤ ያዥም ያላጠፋችውን አትከፍልም። ግን የምጽፈው እኔ ከሆንኩ የምታመሳክረው ሌላ ትሁን። ሎሲ ትሁን።»

ደብተሩን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። እትዬ ሲኒቫ አጠገቤ ቀጥ ብለው ተቀመጡና «ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ሁሉም ይስማ» አሉኝ።

ጮክ ብዬ አነበብኩ።